«ይሄ ጆንያ ከየት መጣ?» ስለ ዘላቂ የአቅርቦት ሰንሰለት የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ህዳር ላይ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ላይ ባለ አንድ የዘይት መጭመቂያ መጋዘን ውስጥ ቆሜያለሁ። የሰሊጥ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። የመጋዘን ኃላፊው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ጆንያ ከየት መጣ?» አልኳቸው። «ከመተማ» አሉኝ። «መተማ የት?» ስል ትንሽ ዝም አሉ። «እንጃ ልጄ፣ እኛ የምናውቀው ነጋዴውን ነው።»

እሳቸው አላጠፉም። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ፎቅ ላይ ባለው ቢሮ ግን ስለ ዘላቂነት የሚያወራ ያማረ ፖሊሲ በመስታወት ተከብቦ ተሰቅሏል።

ሥራዬ የድርጅቶችን ግዥ መመርመር ነው። ዕቃው ከየት መጣ፣ ማን አመረተው፣ በምን ተጓጓዘ፣ በመንገዱ ላይ ማን ተጎዳ፣ ምን ጠፋ የሚለውን እከታተላለሁ። የአቅርቦት ሰንሰለት የምንለው ይሄንኑ ዕቃው የሚያልፍበትን መንገድ ነው። ጎንደር ውስጥ በሄድኩበት ሁሉ ተመሳሳይ ነገር እሰማለሁ። ደጋግሜ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ዘላቂነት ማለት ችግኝ መትከል ነው»

ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ግን ክረምት ላይ 500 ባህር ዛፍ የተከለ ድርጅት፣ በጋ ላይ በግዥው ጫካ ሊያስመነጥር ይችላል። መተማ እና ቋራ የእጣን ዛፍ አገር ናቸው። የእጣን ዛፍ ደግሞ ራሱን መተካት የሚቸግረው ዛፍ ነው። ቡቃያውን እሳትና ከብት ይጨርሱታል፣ ትልቁንም እጣኑን ለማውጣት አላግባብ ማድማት ያዳክመዋል። ለሰሊጥ እርሻ ተብሎ ከተመነጠረ በኋላ ጎንደር ዙሪያ ኮረብታ ላይ የተተከለ ባህር ዛፍ አይተካውም።

በ1987 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው ኮሚሽን ዘላቂ ልማትን ሲተረጉም፣ የመጪው ትውልድ የራሱን ፍላጎት የማሟላት አቅም ሳይጎዳ የዛሬን ፍላጎት ማሟላት ነው ብሏል። እዚህ ውስጥ ተፈጥሮ አለ፣ ሰው አለ፣ የድርጅቱ የራሱ ህልውናም አለ። ስንመረምር ሦስቱንም እናያለን።

«የእኛ ጉዳት ግቢያችን ውስጥ ያለው ብቻ ነው»

ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። ሥራ አስኪያጆች ግቢውን አዙረው ያሳዩኛል። አምፖሉ ተቀይሯል፣ ግቢው ተጠርጓል፣ ቆሻሻ መጣያው በቀለም ተለይቷል። ጥሩ። ግን ትልቁ ነገር ያለው ከግቢው ውጭ ነው።

ባለሙያዎች የአንድን ድርጅት የካርቦን ልቀት በሦስት ክፍል ያዩታል። አንደኛው ድርጅቱ ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ ነው። ሁለተኛው የሚገዛው ኤሌክትሪክ ነው። ሦስተኛው የቀረው ሁሉ ነው፤ ጥሬ ዕቃው፣ ጭነቱ፣ ማሸጊያው፣ ምርቱ ከተሸጠ በኋላ የሚሆነው። ሦስተኛው ብቻውን 15 ዘርፎች አሉት።

አሁን ይሄን ወደ ጎንደሩ መጭመቂያ እናምጣው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚገኝ ነው። ስለዚህ የመብራቱ ልቀት ትንሽ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጀነሬተር ናፍጣ ይበላል፣ እሱ ይቆጠራል። ዋናው ግን ማሳው ነው። አዲስ መሬት ተመንጥሮ ነው ወይስ የቆየ እርሻ ነው? ግንዱና ጭራሮው ተቃጥሏል? የእነዚህ መልስ ከአምፖሉ መቶ እጥፍ ሊመዝን ይችላል።

ጭነቱን ደግሞ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። አንድ ከባድ መኪና 200 ኩንታል ጭኖ ከመተማ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል እንበል። በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ናፍጣ ቢበላ፣ በጠቅላላው 80 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ 216 ኪሎ ግራም፣ ለአንድ ኩንታል አንድ ኪሎ ግራም ቢጤ ማለት ነው። መኪናው ባዶውን ከተመለሰና ሲመለስ 50 ሊትር ከበላ ግን ሌላ 135 ኪሎ ግራም ይጨመራል። ሒሳቡን በግዥ ክፍሉ ወረቀት ላይ አብረን ስንሠራ፣ የትራንስፖርት ኃላፊዋ ወዲያው «ታዲያ ሲመለስ ለምን ዕቃ አናስጭነውም?» አለች። ምርመራ የሚባለው ይሄ ነው። ጥያቄው ከራሷ መጣ።

«ከቅርብ ስለምንገዛ ንጹህ ነን»

ቅርበት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከላይ ያየነው ሒሳብ እንደሚያሳየው የጭነቱ ልቀት ሊለካ የሚችል ነው፤ ብዙ ጊዜም ከምርቱ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ድርሻ ነው ያለው። ከአላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ጠርዝ ላይ በምንጣሮ የመጣ ሰሊጥ፣ ራቅ ካለ የቆየ እርሻ ከመጣው የከፋ ሊሆን ይችላል። ቅርበት የሚጠቅመው ሄዶ ለማየት ነው። ማሳው በአንድ ቀን መንገድ ላይ እያለ አለማየት ግን ያስቆጫል።

«የቀን ሠራተኛው ጉዳይ የባለ እርሻው ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ክረምት ሲገባ ጎንደር አውቶቡስ ተራ ሂዱ። ከደጋው የወረዱ ወጣቶች ጋቢያቸውን ጠቅልለው፣ ትንሽ ፌስታል ይዘው ወደ መተማ የሚሄድ መኪና ይጠብቃሉ። ለአረም ይወርዳሉ፣ ለአጨዳም ይቆያሉ። ሰሊጥ በእጅ የሚታጨድ ሰብል ነው፤ ያለ እነሱ ጉልበት መጋዘኑ አይሞላም።

ቆላው ውስጥ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል ዓይን የማይሞላ ነፍሳት ነው። በመረሬ አፈር ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ይኖራል፣ ማታ ይነድፋል። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ማታ ግራር ሥር መተኛት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳይተዋል። የቀን ሠራተኛው ደግሞ የት ነው የሚተኛው? ቀን ጥላ የሰጠው ግራር ሥር።

በሽታው ወዲያው አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል። ከዚያ ትኩሳት ይጀምራል፣ ሰውየው ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ ይገድላል። ሲታመም ግን እርሻው ላይ የለም። ሒሳቡን ተቀብሎ አገሩ ገብቷል። በባለ እርሻው መዝገብ የለም፣ በነጋዴው መዝገብ የለም፣ የጎንደሩ ድርጅት ደግሞ ስሙንም አልሰማም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ማዕከል ውስጥ ግን አለ።

በ2005 እ.ኤ.አ. ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ውስጥ በሽታው ከዚያ በፊት በማይታወቅበት ደጋ ተነስቶ ብዙ ሰው ጨርሷል። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ከቆላ የተመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። የአንድ ሰብል ጉልበት ዋጋ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ድርጅት ምን ማድረግ ይችላል? ብዙ። ሲገዛ «ሠራተኞቹ የት ያድራሉ? አጎበር አላቸው? የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው? ቢታመሙ ማን ይወስዳቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የቀን ሠራተኛውን ያመጣው ደላላ ማን እንደሆነና ከደሞዙ ስንት እንደሚቆርጥ መጠየቅ ይችላል። ዕድሜም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፣ ከ15 እስከ 18 ያሉትን ደግሞ ከአደገኛ ሥራ ይጠብቃል። ግዥ ውሉ ላይ እነዚህ አንቀጾች ቢገቡ፣ አጎበሩንም ድርጅቱና ባለ እርሻው ተጋግዘው ቢገዙት፣ ወጪው ከአንድ ጭነት ሰሊጥ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

«ሰርተፊኬት ካለው አለቀ»

በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። ፋብሪካው ከእሳቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት የሠራተኛ ደህንነትን የሚያረጋግጥ ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት አግኝቶ ነበር።

ወረቀት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ወረቀት አንድ ቀን የታየ ነገር ነው። ፈታሽ እንደሚመጣ ቀድሞ ከተነገረ ግቢው ይጠረጋል፣ ልጆቹ ወደ ቤት ይላካሉ። ስለዚህ እኔ ሰርተፊኬቱን አይቼ መልሼ አስቀምጠውና ሠራተኛውን ብቻውን አነጋግራለሁ። በራሱ ቋንቋ፣ አለቃው በሌለበት፣ ሻይ እየጠጣን።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን አይነካም»

ከፊሉ እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የደን ምንጣሮ ደንብ የሚመለከተው ሰባት ምርቶችን ነው፤ ከብት፣ ካካዎ፣ ቡና፣ ፓልም ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት። ሰሊጥ የለበትም። ቡና ግን አለ፣ ከከብት በኩል ቆዳም አለ። ከታህሳስ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ በተመነጠረ መሬት ላይ የተመረተ ከሆነ አውሮፓ አይገባም ይላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፣ ሐሳቡ ግን አልተቀየረም።

የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲጀምር 3,000 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች ያዘ፣ በዓመቱ ወደ 1,000 ወረደ። «እኛ 60 ሠራተኛ ነው ያለን» ይሉኛል። ልክ ነው፣ ሕጉ እናንተን በስም አይጠራም። ግን ትልቁ ገዢ ጥያቄውን ለላኪው ያስተላልፋል፣ ላኪው ለነጋዴው፣ ነጋዴው ለእናንተ። ያኔ «ከመተማ ነው» የሚል መልስ አይበቃም። አንድ ጊዜ ሰሊጡ ደረጃ ወጥቶለት ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የማን ማሳ እንደነበር ወደ ኋላ ሄዶ ማወቅ አይቻልም። መዝገቡ መያዝ ያለበት ከመቀላቀሉ በፊት ነው።

«ወንዝ ከገባ ከእኛ ወጣ»

ጎንደርን አንገረብ እና ቀሐ ያቋርጧታል። የፋሲል መዋኛን የሚሞላው ያው ቀሐ ነው። ውሃው ከከተማው በታች ወደ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይደርሳል። ደምቢያ ደግሞ ሽምብራና እህል የምትገዙበት ነው። የጣና እምቦጭ መጀመሪያ የታየውም በዚያው በመገጭ መግቢያ በኩል ነው፣ በ2011 እ.ኤ.አ.። እምቦጭ ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚወርድ ንጥረ ነገር ይወዳል። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ ከግቢያችሁ የወጣው ፍሳሽ ዞሮ አቅራቢያችሁን ያገኘዋል።

ወደ ላይም እንዲሁ ነው። የከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት የአንገረብ ግድብ ከተራቆተ ኮረብታ በሚወርድ ደለል እየተሞላ ነው። አፈሩን የሚጠብቅ ገበሬ ውሃችሁንም ይጠብቃል።

«ዘላቂነት ወጪ ነው፣ አትራፊ ድርጅት አይችለውም»

አንዳንዱ ወጪ ነው፣ እውነቱን መናገር ይሻላል። ግን መጀመሪያ የሚባክነውን እዩ። ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ይታሰርና ሂላ ተብሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቆባው አፉን ከፍቶ ሲደርቅ ይራገፋል። አጨዳው ከዘገየ ፍሬው ማሳው ላይ ይፈሳል። ሲራገፍ ሥሩ ሸራ ካልተነጠፈ አፈር ውስጥ ይገባል፤ አፈር የገባበት ሰሊጥ ደግሞ ደረጃው ይወርዳል። አንድ ሸራ ስንት ነው? ለአቅራቢያችሁ ሸራ በዱቤ ብትሰጡት የምትቀበሉት ሰሊጥ ንጹህ ይሆናል፣ ሲበጠር የሚጣለውም ይቀንሳል።

ሽምብራም እንዲሁ ነው። ነቀዝ እንዳይበላው ብዙ ሰው መድኃኒት ይነሰንስበታል። ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ ያለው አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ግን ነቀዙን አየር አሳጥቶ ይገድላል፤ መድኃኒት አያስፈልግም፣ ከረጢቱም ተመልሶ ይሠራል።

«ለመጀመር ትልቅ ባለሙያና ብዙ ብር ያስፈልጋል»

አዘዞ መንገድ ላይ ባለው መጋዘን የጀመርነው በአንድ ደብተርና በማርከር ነው። ከአቅራቢዎች ሁሉ ብዙ የሚያስገቡትን ሦስቱን መረጥን። ጋሼ በገቢ መዝገቡ ላይ አራት መስመር ጨመሩ፤ ቀበሌው፣ መሬቱ የቆየ ነው ወይስ አዲስ፣ ሠራተኞቹ የሚያድሩበት፣ መኪናው ሲመለስ የጫነው። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ሁለተኛው ጭነት ሲመጣ አንዱ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ጆንያዎቹ ላይ በሰማያዊ ማርከር ተጽፏል፤ ሸኸዲ፣ ኮኪት፣ ቋራ። አንድ ረድፍ ላይ ግን የጥያቄ ምልክት አለ። «ይሄስ ጋሼ?» አልኳቸው። «ሾፌሩ አያውቅም» አሉኝ፣ «ነገ ነጋዴው ሲመጣ እጠይቀዋለሁ። እስከዚያ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።»