«እሹሩሩ አትበሉት» ሲባል ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

«ይሄን ልጅ እሹሩሩ እያላችሁ አበላሻችሁት።» ይህን ያልሰማ የአማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ሠላሳ ዓመት የሞላው ልጁ ሥራ አልፈልግም ብሎ ቤት የተቀመጠበትን አባት ጎረቤት የሚገስጸው በዚህ ነው። ሁሌ የሚያረፍድን ሠራተኛ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ አለቃም «እሹሩሩ ማለቱን ተው» ይባላል። ሜዳ ላይ የማይሮጥ ኮከብ ተጫዋች ሲኖር ደጋፊው አሰልጣኙን «እሹሩሩ እያለው ነው» ብሎ ይወቅሳል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ራሱን መቻል የሚገባውን ሰው መሸከም፣ መቆጣት ሲገባ ማባበል፣ ጥፋቱን እያዩ ማለፍ ማለት ነው።

በዚህ አጠቃቀም ላይ ምንም ተቃውሞ የለኝም። አባባሉ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ የሕፃን የሆነ ነገር ለአዋቂ ሲደረግ ያስነውራል፣ ነውሩን በአንድ ቃል ይነግረናል።

የማልስማማው የስድስት ወር ሕፃን ያቀፈችን ወይም ያዘለችን እናት «አንቺ፣ እሹሩሩ አታብዢበት፣ ጀርባ ይለምድብሻል» ስንላት ነው። ይሄን የሚሉት ደግሞ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አክስቶች ናቸው፣ ጎረቤቶች ናቸው፣ አራስ ሊጠይቁ ገንፎ ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። ግን ሕፃንን «ሕፃን ነህ» ብሎ መውቀስ ምን የሚሉት ነው? አባባሉ ከየት እንደመጣ ብናስታውስ ኖሮ እንዲህ አንልም ነበር።

እሹሩሩ (እሽሩሩ ብሎ የሚጽፈውም አለ) መጀመሪያ ልጅ አዝለው ወዲህ ወዲያ እየተንጎራደዱ የሚያዜሙት ማባበያ ነው። ደራሲ የለውም፤ በአፍ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የወረደ ነው፣ ስንኙም በየቤቱ ይለያያል። ወንድ ከሆነ ማሙሽ፣ ሴት ከሆነች ሚሚ እየተባለ ይቀጥላል። በጣም የታወቀችውን አንዷን ስንኝ ግን ልብ ብላችሁ ስሟት፦ «የማሙሽ እናት ቶሎ ነይለት።»

ማን ነው የሚያዜመው? እናትየው አይደለችም። እናትየው የለችም፤ ገበያ ሄዳለች፣ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች፣ ዛሬ ከሆነ ቢሮ ናት። ልጁን ያዘለችው አያት ናት፣ ታላቅ እህቱ ናት፣ አክስቱ ናት፣ ሞግዚት ናት። ልጁ የሚፈልገው ጡት ነው፣ እሷ ደግሞ ጡት የላትም። ያላት ጀርባዋና ድምፅዋ ብቻ ነው። እናትየው እስክትደርስ ድረስ በዚያው ታቆየዋለች። ስለዚህ እሹሩሩ በመነሻው ልጅ የጠየቀውን ሁሉ መስጠት አልነበረም። የጠየቀውን መስጠት ያልቻለ ሰው፣ ልጁን ብቻውን እንዳያለቅስ አብሮት የሚቆይበት መንገድ ነው። ለእኔ የአባባሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ «ማሞላቀቅ» የሚለው ትርጉም ብቻውን ሲቀር ይሄኛው ተረሳ።

ሁለተኛም ነገር አለ። ልጅ የሚታዘለው እጅ ነፃ እንዲሆን ነው። ያዘለች ሴት ቤት ትጠርጋለች፣ ቡና ትቆላለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ገበያ ውላ ትመጣለች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ሥራዋን አላስቆመም። እንግዲህ ይሄን «ልጅ ማበላሸት» ብሎ መጥራት ያቺን ሴት መበደል ነው፤ ሁለት ሥራ በአንዴ እየሠራች እኮ ነው።

«ጀርባ ይለምዳል» ለሚለው ደግሞ የተጠና ነገር አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሞንትሪያል ሁንዚከርና ባር የተባሉ ሐኪሞች 99 እናቶችን ከነልጆቻቸው አጥንተው ነበር። ግማሾቹ እናቶች ልጁ ባያለቅስም ጭምር በቀን ውስጥ ጨምረው እንዲያቅፉት ወይም እንዲሸከሙት ተነገራቸው። ሕፃናት ከምንጊዜውም በላይ በሚያለቅሱበት በስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ብዙ የተያዙት ሕፃናት ለቅሷቸው ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ ሆነ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃፓን ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት እናት ልጇን ይዛ ስትቀመጥና ይዛ ስትራመድ ያለውን ልዩነት አየ። ስትራመድ የልጁ የልብ ምት ይቀንሳል፣ መወራጨቱ ይቆማል፣ ለቅሶውም ይበርዳል። አያቶቻችን ተቀምጠው እሹሩሩ አይሉም ነበር፤ ተነሥተው ይንጎራደዱ ነበር።

ማዘያውም የራሱ ታሪክ አለው። አንቀልባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ፣ ጠፍር ያለው፣ አንዳንዱም በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ ብዙ አይታይም፤ በጋቢ፣ በነጠላ፣ በሰፊ ፎጣና ባለ መቆለፊያ ማዘያ ተተክቷል። ይሄን ባለ መቆለፊያውን «የፈረንጅ» የምንለው ነገር ይገርመኛል። አሜሪካ ውስጥ በጣም ከታወቁት የልጅ ማዘያዎች አንዱ የሆነው ስናግሊ የተፈጠረው፣ አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰላም ጓድ ቶጎ ሄዳ የቶጎ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው አይታ ስትመለስ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አወጣችበት። ውጭ አገር ያላችሁ እናቶች እንግዲህ ልጅ አዝላችሁ አውቶቡስ ስትሳፈሩ ሰው ዞር ብሎ ቢያያችሁ አትፈሩ። ነገሩ ከእኛው አህጉር የሄደ ነው።

ማዘል ግን ይለመዳል እንጂ ማንም አብሮት አይወለድም። ድሮ ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ታናናሾቿን አዝላ ስለምታድግ፣ ወልዳ ስታዝል አዲስ አይሆንባትም ነበር። አሁን ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ልጅ የምናዝለው የራሳችንን ነው፣ ያውም ከእናታችን ርቀን፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆነን። ስለዚህ የሚያሳይ ከሌለ የሚነግር ይኑር።

መጀመሪያ አንገቱ ይጥና። ይህ የድሮ ምክር ነው፣ የዛሬ ሐኪምም አይለውጠውም። ብዙ ልጅ አንገቱን በደንብ የሚያቆመው በአራት ወር ገደማ ነው። ብዙዎቹ የባለ መቆለፊያ ማዘያ አምራቾች ደግሞ ጀርባ ላይ ለማዘል እስከ ስድስት ወር ድረስ ጠብቁ ይላሉ። ከዚያ በፊት ደረት ላይ ይሻላል፣ ምክንያቱም ፊቱን ታያላችሁ። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ወይም ትንፋሹ ላይ ችግር ያለበት ልጅ ከሆነ ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመርም።

ስትጀምሩ ልጁ ጠግቦ፣ ደስ ብሎት፣ እናንተም ሳትቸኩሉ ይሁን። አልጋ አጠገብ ቁሙ፤ ድንገት ቢንሸራተት አልጋው ላይ ይወድቃል። የሚያሳዝላችሁ ሰው ካለ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ይጠቅማል። ወገባችሁን ጎንበስ አድርጉ፣ ጀርባችሁ ጠረጴዛ እስኪመስል። ልጁን ከጎን ወደ ጀርባ አምጡት፣ አንድ እጅ ሁሌ መቀመጫው ላይ ይሁን፣ ምንም ቢሆን አይነሣ። ከዚያ ጋቢው ወይም ፎጣው ከላይ ይጣልበታል። የላይኛው ጠርዝ ትከሻው ጋ ይደርሳል፣ የታችኛው መቀመጫውን አልፎ ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ጉልበት ይይዛል። ሁለቱን ጫፎች በብብታችሁ ስር አምጥታችሁ ደረት ላይ ሸብ ታደርጉና ትቋጥራላችሁ። ቀና ከማለታችሁ በፊት ቋጠሮውን ጎትታችሁ ፈትሹት። ቀና ስትሉ ልጁ ወደ ታች ከተንሸራተተ ላልቷል ማለት ነው፤ እየተሸከሙ ማስተካከል የለም፣ ጎንበስ ብሎ እንደ አዲስ ማሰር ነው። ብዙ ሰው ወገቤን አመመኝ የሚለው ልጁ ከብዶት ሳይሆን ዝቅ ብሎ ስለታሰረ ነው። ከፍ ብሎና ጠብቆ የታሰረ ልጅ ያን ያህል አይከብድም።

አፍና አፍንጫው በጨርቅ እንዳይሸፈን፣ አገጩም ደረቱ ላይ እንዳይጣበቅ። ጀርባችሁ ላይ ስላለ አታዩትምና ቤት ውስጥ ከሆናችሁ መስታወት ፊት ቆማችሁ እዩት፣ ውጭ ከሆናችሁ ሰው ጠይቁ። ጭስ ያለበት ማድቤት ውስጥ፣ እንጀራ እየተጋገረ፣ የፈላ ዘይት አጠገብ አታዝሉ። ይሄ ድሮም ይደረግ ነበር አትበሉኝ፤ ጭስ ለሕፃን ሳንባ ያኔም ጥሩ አልነበረም። የዐረብ አገር ሙቀት ላይ ደግሞ ሁለት ገላ ተጣብቆ ቶሎ ይግላልና አንገቱን እየነካችሁ ላብ እንዳለው እዩ።

«እግሩ ይወላገዳል» የሚለውም ስጋት ብዙ ጊዜ ይነሣል። ሕፃን ሲወለድ እግሩ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ቢታዘልም ባይታዘልም፤ በሁለት ዓመቱ ገደማ ራሱ ይስተካከላል። እንዲያውም እግሮቹ ተከፍተው፣ ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለው የእናቱን ወገብ ሲያቅፍ ለዳሌው መገጣጠሚያ የሚመከረው አቀማመጥ እሱ ነው። ለዳሌ የማይመቸው ሁለቱን እግር አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ነው።

አባቶችም ማዘል ትችላላችሁ፤ ጀርባ ሴት ወንድ የለውም። የእሹሩሩ ስንኝም እናትየው ሌላ ቦታ ስላለች ነው የሚዜመው አልን አይደል?

እና «መቼ ነው ታዲያ እሹሩሩ የሚበቃው?» ካላችሁ፣ ልጁ ይነግራችኋል። መዳኽና መሄድ ሲጀምር ጀርባ ላይ ይወራጫል፣ እግሩን ያወናጭፋል፣ «አውርዱኝ» ይላል። ያኔ አውርዱት። ሲደክመው መልሶ ይመጣል፣ ያን ጊዜም ማዘል ነውር የለበትም። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት አልወርድም ካለ ግን ጎረቤት «እሹሩሩ አበዛችሁበት» ቢላችሁ እውነቱን ነው።