የግንባታ ሥራ በጅማ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። የግንባታ ሥራዋን ለመረዳት ከዚህ ርቀት መነሣት ያስፈልጋል። ጠጠርና ድንጋይ እዚያው አካባቢ ይወጣል፤ ሲሚንቶና ፌሮ ግን በአብዛኛው የጊቤን በረሃ ቁልቁለትና አቀበት አቋርጠው ይመጣሉ። አሸዋው እንኳ የሩቅ አገር ነው፦ ከወራቤ፣ ከጨዋቃ፣ አንዳንዴም ከጋምቤላ ይጫናል። በመሆኑም የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የጅማ ቤት ሠሪ ጭማሪውን በእያንዳንዱ ኩንታልና በእያንዳንዱ ቢያጆ (የመኪና ጭነት) አሸዋ ላይ ያገኘዋል።

መሬቱም የራሱ ጠባይ አለው። በከተማዋ ብዙ ቦታ መረሬ የሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ይገኛል፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ያረፈውንም ግድግዳ ይዞ ይሰነጥቃል። የታወቀው መፍትሔ መረሬውን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ፣ ማለትም ተጠቅጥቆ በሚጠነክር ጠጠራማ አፈር፣ መተካት ነው። ወጪውን ሸሽተው ይህን የሚዘሉ ባለቤቶች ቁጠባቸውን በኋላ በልስን ጥገና ይከፍሉታል። በዚህ ላይ ዝናቡ አለ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጥላል፤ ወቅቱም ከሌላው አገር ክረምት ይረዝማል። ለአፈር ሥራ የሚታመኑት ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። ውሉ በሰኔ የተፈረመ መንገድ ገና ከመጀመሩ ዘግይቷል ማለት ይቻላል።

ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የአናጢዎች ጥበብ የታየበት ሥራ ነው፤ ሰፋፊ የእንጨት ሰገነቶቹ ይህን ይመሰክራሉ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በያዘበት ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አድርጎ መንገድና የመንግሥት ሕንፃዎች ሠራ። ወራሪው ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ቋንቋው ከሥራ ቦታው አልወጣም፦ አርማታ፣ ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ ፌራዮ (ፌሮ ሠሪው)።

ከዚያ ወዲህ ትልልቁን ሥራ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ድርጅት ነው። በዞኑ ያለውን 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ግልገል ጊቤ አንድ የጣሊያኑ ሳሊኒ በ1996 ዓ.ም. አጠናቀቀው። ውኃውን 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተቀብሎ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚያወርደው ግልገል ጊቤ ሁለት በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከምረቃው በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዋሻው ክፍል ተደርምሶ ለወራት ቆመ። ትልቅ ስም የያዘ ተቋራጭም ከመሬቱ ጋር ይሟገታል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የቻይና ኩባንያ ገነባው።

ለአገር ውስጥ ተቋራጭ የሚተርፈው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ የኮብልስቶን መንገድ ነው። ተቋራጮች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 10 የሚመደቡት ባላቸው ማሽን፣ ባለሙያና ገንዘብ ነው። በእኔ እይታ ችግሩ ያለው ባለሙያው ዘንድ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሲቪል ምህንድስና ምሩቃንን በየዓመቱ ያወጣል፤ ጥሩ ግንበኛና ለሳኝም አይጠፋም። የሚያንሰው ጥሬ ገንዘብ ነው። በመንግሥት ግዢ ሕግ ቅድመ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ አይበልጥም፤ ለእሱም ዋስትና ይጠየቃል። ቀሪው ሥራው ተለክቶ፣ አማካሪው ፈርሞ፣ በጀቱ ተለቅቆ የሚመጣ ነው። በዚህ መሀል የፌሮ ዋጋ ቆሞ አይጠብቅም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በቀድሞው ዋጋ ውል የያዘ ሁሉ ይህን በደንብ ተረድቶታል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ የሚያሸንፍበት ጨረታም ነገሩን አያቀልም፤ ለማሸነፍ የተቆረጠው ዋጋ ለመጨረስ አይበቃም።

ኤክስካቫተር፣ ሎደርና ሮለር በኪራይ ይመጣሉ፤ ኪራዩም ዝናብ ዘንቦ ማሽኑ ቢቆምም ይቆጠራል። የአነስተኛው ተቋራጭ የራሱ ንብረት ለመወጣጫና ለአርማታ ቅርጽ መያዣ የሚሆነው የባሕር ዛፍ አጠናና ጣውላ ነው። አንዱ ሕንፃ ሲያልቅ ሚስማሩ ተነቅሎ እንጨቱ ወደሚቀጥለው ይጫናል፤ መጨረሻው ማገዶ ነው።