ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ፦ የባቡር ሐዲድ የነበረው የብስክሌት መንገድ

ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ በአሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ካለችው ከምበርላንድ ተነስቶ ፔንሲልቬንያ ውስጥ እስካለችው ፒትስበርግ የሚዘልቅ የብስክሌትና የእግር መንገድ ነው። ርዝመቱ 150 ማይል ወይም 241 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብስክሌተኞች ባጭሩ «ጋፕ» ይሉታል። መኪና አይገባበትም። ከተሞች ውስጥና ወደ ፒትስበርግ ሲቃረብ አስፋልት አለው፤ አብዛኛው ግን ተፈጭቶ የተደለደለ የኖራ ድንጋይ ነው። በዚሁ መስመር ላይ ድሮ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ባቡሮች ይመላለሱ ነበር።

ከምበርላንድ ላይ ከሌላ የቆየ መንገድ ጋር ይገናኛል። እሱም የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር መንገድ ነው። ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጅታውን ድረስ 184.5 ማይል ይሄዳል። ሁለቱ ሲደመሩ 335 ማይል ገደማ፣ ማለትም 540 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ስለዚህ ከዋሽንግተን ተነስቶ ከመኪና ጋር ሳይጋፋ ፒትስበርግ መግባት ይቻላል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖረው ሐበሻ የመንገዱ አንደኛው ጫፍ ደጃፉ ላይ ነው ማለት ነው። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ግን እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ለዚያ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባቡሩ ዘመን

ከከምበርላንድ እስከ ኮነልስቪል ያለው ክፍል የዌስተርን ሜሪላንድ ባቡር ኩባንያ ነበር፤ በ1912 ሥራ ጀመረ። ከኮነልስቪል እስከ ማኪስፖርት በያክጌኒ ወንዝ ዳር የሚወርደው ደግሞ የፒትስበርግና ሌክ ኢሪ ኩባንያ መስመር ነበር። ዌስተርን ሜሪላንድ ወደዚህ ሸለቆ የገባው ዘግይቶ ነው። ቢ ኤንድ ኦ የተባለው ተቀናቃኙ ከ1871 ጀምሮ መስመር ዘርግቶበት ነበር። ቀላል ቀላሉ ቦታ ተይዞ ስለጠበቀው አዲሱ ኩባንያ ተራራውን በዋሻ ሰረሰረ፤ ሸለቆውን በረጃጅም ድልድይ ተሻገረ። የዛሬ ብስክሌተኛ የሚደነቅባቸው ዋሻዎችና ድልድዮች የዚያ ውጤት ናቸው።

መንገዱ እንዴት ተሠራ

በ1973 ዌስተርን ሜሪላንድና ቢ ኤንድ ኦ ቼሲ ሲስተም በተባለ አንድ ጥላ ሥር ገቡ። በወንዙ ግራና ቀኝ ሁለት መስመር መያዝ ለአንድ ባለቤት ትርፍ ወጪ ነው። ስለዚህ አንደኛው መዘጋት ነበረበት፤ በ1975 የዌስተርን ሜሪላንድ መስመር ተተወ። ሐዲዱም ተነቀለ።

የተተወ የባቡር መስመር ቶሎ ካልተያዘ ይበጣጠሳል። አንዱ ቁራሽ ለእርሻ ይዞራል፣ ሌላው ለመኪና ማቆሚያ ይሄዳል፣ ድልድዩ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። አንዴ ከተቆራረጠ መልሶ ማገጣጠም ጭንቅ ነው። በ1978 የዌስተርን ፔንሲልቬንያ ጥበቃ ማኅበር ከኮነልስቪል እስከ ኮንፍሉዌንስ ያለውን 27 ማይል ገዝቶ አተረፈው። በኋላም ለክፍለ ግዛቱ አስተላለፈው። ያ ግዢ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስለ ጋፕ የምንጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

በ1983 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ለእንዲህ ዓይነት መስመሮች ትልቅ መከታ ሆኗል። ሕጉ የሚለው በቀላሉ ይህ ነው፦ ባቡር የቆመበት መስመር ለወደፊት ባቡር ቢያስፈልግ እንዲገኝ ሳይቆራረጥ ይቀመጥ፤ እስከዚያው ሕዝብ ይሂድበት። አንዳንድ የመሬት ባለቤቶች ባቡሩ ከቆመ መሬቱ ለእኛ ይመለስልን ብለው ተከራከሩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1990 ሕጉ ጸንቷል። ካሳ ለማን ይገባል የሚለው ግን ከቦታ ቦታ እየተለያየ አሁንም ያከራክራል። የጋፕ ጀማሪዎች ያን የመጀመሪያ መሬት ሲገዙ ይህ ሕግ ገና አልወጣም ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል በ1986 ኦሃዮፓይል አጠገብ ተከፈተ። ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰው ግን ጎረፈ። ይህን ያዩ የአጎራባች ወረዳዎች ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ማኅበር አቋቋሙ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፒትስበርግና ሌክ ኢሪ መስመርም ከኮነልስቪል በታች ያለው ተገዛ። በ1995 ማኅበራቱ ተባብረው አሌጌኒ ትሬል አሊያንስን መሠረቱ። ጥምረቱን ለረጅም ዓመታት የመሩት ሊንዳ ማኬና ቦክስ ናቸው። ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚለው ስም የወጣው በ2001 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱ ስም ነበረው።

ሥራው ቁራጭ በቁራጭ ሄደ። የሳልዝበሪ ድልድይ ለብስክሌት የተከፈተው በ1998 ነው። ትልቁ ፈተና ቢግ ሳቬጅ ዋሻ ነበር። 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከተተወ በኋላ ውኃ እየሰረገና በረዶ እየሰነጠቀው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ዋሻው ታድሶ በ2006 ከምበርላንድና ማኪስፖርት በአንድ መንገድ ተያያዙ። በ2007 በመላ አገሪቱ ለእንዲህ ዓይነት መንገዶች የተዘጋጀው የክብር መዝገብ ሲከፈት ቀድሞ የተመዘገበው ጋፕ ነው። በዚያው ዓመት ፒትስበርግ ያለው ሆት ሜታል ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈተ። በድሮው ጊዜ በዚህ ድልድይ ላይ የቀለጠ ብረት እንደፈላ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ፋብሪካ ይጓጓዝ ነበር። ፒትስበርግ ዳርቻ ሳንድካስል አጠገብ የቀረችው አጭር ክፍል በሰኔ 2013 ተጠናቀቀች። ከመጀመሪያዋ ቁራጭ እስከ መጨረሻዋ 27 ዓመት ፈጀ። በ2015 ደግሞ ፒንከርተን ዋሻ ተጠግኖ ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ ብስክሌተኛው ወንዙን ተከትሎ ዋሻውን ይዞረው ነበር።

ገንዘቡ ከመንግሥትም ከበጎ አድራጎት ድርጅቶችም መጥቷል፤ ያለ እሱ ድልድይ አይታደስም። የኔ ትልቁ ምስጋና ግን ለበጎ ፈቃደኞቹ ነው። ዛሬም ሣር የሚያጭዱት፣ የወደቀ ዛፍ የሚቆርጡት፣ የውኃ መውረጃ የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። አንድ የውኃ መውረጃ ቱቦ በቅጠል ከተደፈነ የዝናቡ ውኃ መንገዱን አቋርጦ ይፈስሳል። ደቃቁን ጠጠር ጠርጎ ይወስደዋል። የሚቀረው ጎማ የሚሰነቅር ቦይ ነው። ይህ እንዳይሆን አንድ ሰው አካፋ ይዞ ቀድሞ መድረስ አለበት።

ከከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ

ማይል የሚቆጠረው ከከምበርላንድ ነው። ዜሮው ያለው በአሮጌው የዌስተርን ሜሪላንድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። እስከ ፍሮስትበርግ ድረስ ብስክሌተኛው ከጎብኚዎች ባቡር ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ብራሽ የሚባለውን ዋሻ ሁለቱም ይጠቀሙበታል። ባቡሩ እየመጣ ከሆነ ውጭ ቆሞ ማሳለፍ ግድ ነው።

ከከምበርላንድ ጀምሮ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ያለማቋረጥ ዳገት ነው። ነገር ግን የባቡር ዳገት ነው። ባቡር ስለታም አቀበት ስለማይወጣ ከፍታው በ100 ሜትር ከ2 ሜትር አይበልጥም። ፍሮስትበርግን አልፎ የሜሪላንድና የፔንሲልቬንያ ድንበር የሆነው ማሶን ዲክሰን መስመር ይገኛል። ቀጥሎ ቢግ ሳቬጅ ዋሻ ይመጣል። ተራራው ስሙን ያገኘው ከአንድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን መሬት ቀያሽ ነው ይባላል። በክረምት ስንቅ ሲያልቅ ጓደኞቹ እንዳይሞቱ እኔን ብሉኝ አለ፣ ደግነቱ ቀለብ ደረሰላቸው ይላሉ። አፈ ታሪክ ነው።

ዋሻውን እንደወጡ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ላይ ይደረሳል። ከፍታው 729 ሜትር ነው። እዚህ የሚወርደው ዝናብ በአንድ በኩል ወደ አትላንቲክ፣ በሌላ በኩል በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል። 729 ሜትር በእኛ አገር ቆላ ነው። ክረምቱ ግን ቆላ አይደለም። በረዶው ከባድ ነው። ቢግ ሳቬጅ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ በሩ ይዘጋል። ብርዱ ከገባ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ እየሆነ ግድግዳውን ስለሚሰነጥቀው ነው።

ከዚህ በኋላ እስከ ፒትስበርግ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በቀስታ ይወርዳል። ማየርስዴልን አልፎ ያለው ሳልዝበሪ ድልድይ 582 ሜትር ርዝመትና 30 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከሥሩ የካስልማን ወንዝ፣ እርሻ፣ የመኪና አውራ ጎዳናና ዛሬም የሚሠራው የቀድሞው ተቀናቃኝ ሐዲድ ይታያሉ። ሮክዉድና ኮንፍሉዌንስ ትናንሽ ከተሞች ናቸው፤ ማደሪያና ምግብ አላቸው።

ኦሃዮፓይል የመንገዱ ውብ ክፍል ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1754 ያክጌኒን በታንኳ ወርዶ ወደ ምዕራብ ማለፍ ይቻል እንደሆነ ሊያይ መጥቶ የነበረ ሲሆን ያስቆመው የዚህ ቦታ ፏፏቴ ነው። ብስክሌተኛው ወንዙን በሁለት የባቡር ድልድዮች ይሻገራል። ቀኑ ከፈቀደ እዚህ ማደር ይመከራል።

ከኮነልስቪል በታች አገሩ የከሰል ነው። የፒትስበርግን ብረት ያቀለጠው ኮክ የተባለው የተጋገረ የድንጋይ ከሰል በብዛት የወጣው ከዚህ አካባቢ ነው። ዌስት ኒውተን ከመድረሱ በፊት መንገዱ የዳር ማዕድን አደጋ በደረሰበት ሥፍራ ያልፋል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1907 በዚያ ጉድጓድ በደረሰ ፍንዳታ 239 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ዕለቱ በድሮው አቆጣጠር የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ነበር። በዓሉን ሊያከብሩ ቤተ ክርስቲያን የሄዱ በርካታ ሠራተኞች በዚያ ተረፉ። በዚሁ ወንዝ ዳር ከድሮ ማዕድን የሚወጣ ውኃ ድንጋዩን እንደ ዝገት አቅልቶት ይታያል። በውኃው ውስጥ ያለው ብረት ነው።

ሆምስቴድ ላይ በሐምሌ 1892 የብረት ሠራተኞች አድማ መትተው ከኩባንያው ቅጥር ጠባቂዎች ጋር የተዋጉበት የፓምፕ ቤት ቆሞ ይገኛል። ከዚያ ወንዝ ወንዙን ተከትሎ መንገዱ መሃል ፒትስበርግ፣ ሦስቱ ወንዞች የሚገናኙበት ፓርክ ይገባል።

ጠጠሩና ብስክሌቱ

ጋፕ ጠጠር መንገድ ነው ሲባል ኮረኮንች እንዳይመስላችሁ። ደቃቅ ድንጋይ ተነጥፎ በሮለር ተዳምጧል። በደረቅ ቀን ጎማ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከዝናብ በኋላ ግን ግራጫ ጭቃ ይሆንና ካቴናው ላይ ይለጠፋል። ሲደርቅ ነጭ አቧራ ነው። ማታ ማታ ካቴናውን ጠርጎ ዘይት ማጠጣት ይበጃል። በረዶ በሚቀልጥበት ወቅት መንገዱ ይላላል፤ ያኔ መንዳት ለብስክሌቱም ለመንገዱም አይጠቅምም።

ለጠጠር መንገድ የተሠራው ግራቭል ብስክሌት ለዚህ መንገድ ልክ ነው። የጎማ ስፋት ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ተራ የከተማ ሳይክል ወይም ማውንቴን ብስክሌትም ያደርሳል። የእሽቅድምድም ቀጭን ጎማ ግን አይመከርም። መብራት የግድ ያስፈልጋል፤ በቀን ቢነዳም ዋሻዎቹ አሉ። ብዙ ሰው መንገዱን ከ3 እስከ 5 ቀን ይጨርሰዋል። ከፒትስበርግ መነሳት ይቀላል ወይስ ከከምበርላንድ የሚለው ማለቂያ የለውም። በእኔ እምነት ልዩነቱ ከሚወራው ያነሰ ነው። ከከምበርላንድ የሚነሳ ድካሙን በመጀመሪያው ቀን ይጨርሳል። ከፒትስበርግ የሚነሳ ደግሞ ዳገቱን ሳይታወቀው ይወጣና በመጨረሻ 38 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ይወርዳል።

ከዋሽንግተን በኩል

የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነው፤ በ1924 ሥራ አቆመ። በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆኗል። የቦዩ ዳር መንገድ ጀልባ ይጎትቱ የነበሩ በቅሎዎች የሄዱበት ነው። ከጋፕ ይልቅ ሻካራ ነው፤ የዛፍ ሥርና ጭቃ አለው። ሁለቱን በአንድ ጉዞ የሚነዳ ሰው ሰፋ ያለ ጎማ ይምረጥ።

ረጅሙን ጉዞ ከማሰቡ በፊት መለማመድ ለሚፈልግ ከጆርጅታውን እስከ ቤተስዳ የሚሄደው ካፒታል ክሬሰንት አለ። እሱም የድሮ የባቡር መስመር ነው፤ እስከ ቤተስዳ አስፋልት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚቀጥለው የጠጠር ክፍል በ2017 ለፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ ተዘግቷል። ከጋፕ ለመመለስ አምትራክ የተባለው የመንገደኞች ባቡር ፒትስበርግን፣ ኮነልስቪልን፣ ከምበርላንድንና ዋሽንግተንን ያገናኛል። ብስክሌት ይጭናል፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ባቡሩ ፒትስበርግ የሚያልፈው በሌሊት ነው፤ ሰዓቱን አይቶ ማደሪያውን ማስላት ተገቢ ነው።