ኦሪዮል ምንድን ነው? በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የወፍ ቤተሰቦች

ኦሪዮል ማለት በአጭሩ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ላባው ከጥቁር ጋር የተዋሃደ፣ ዛፍ ላይ የሚኖር ዘማሪ ወፍ ነው። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ሁለት የማይዛመዱ ቤተሰቦች መሆናቸውን ስናውቅ ነው። አንደኛው፣ የአሮጌው ዓለም የሚባለው፣ በአፍሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስያና በአውስትራሊያ ይኖራል። ሌላው ያለው በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው። ሁለቱም ወደ 30 የሚጠጉ የኦሪዮል ዝርያዎች አሏቸው።

ስሙን ያጋባው ሰው ነው። ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሰዎች የአገራቸውን ኦሪዮል የሚመስል ወፍ ሲያዩ በዚያው ስም ጠሩት፤ በዚያው ቀረ። የአሜሪካው ኦሪዮል በዝምድና የሚቀርበው ግን እዚያው አሜሪካ ለሚኖሩት፣ ብላክበርድ ለሚባሉት ጥቁር ወፎች ነው። መልካቸው የተመሳሰለው ከአንድ አባት ስለወረሱት አይደለም። ሁለቱም በየፊናቸው ወደ አንድ ዓይነት ቀለም መጡ እንጂ።

ቀለሙ ከየት ይመጣል? ጥቁሩን፣ ሜላኒን የሚባለውን፣ ወፉ ራሱ ይሠራዋል። ቢጫውና ብርቱካናማው ግን በምግብ የሚገባ ነው። ካሮቲኖይድ የሚባለው ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር በፍራፍሬና በነፍሳት በኩል ወደ ሰውነቱ ይገባና ላባው ውስጥ ይቀመጣል። እንግዲህ ያ ሁሉ ውበት የተበላ ነገር ነው ማለት ነው።

ደማቁ ብዙ ጊዜ ወንዱ ነው። ሴቷ አረንጓዴ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ትሆናለች። ጎጆ ላይ ለምትቀመጥ እናት መደበቁ ይጠቅማታል ብሎ ማሰብ ይቀናል፤ ግን ነገሩ እንዲህ ብቻ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በሞቃታማው አሜሪካ ከሚኖሩት ኦሪዮሎች መካከል ሴቷም እንደ ወንዱ የምትደምቅባቸው ብዙ ዝርያዎች አሉ። ልዩነቱ የሚጎላው በየወቅቱ ረጅም መንገድ በሚሰደዱት ላይ ነው።

ሁሉም ኦሪዮል ደማቅ ነው ማለትም አይደለም። ለእኔ ከሁሉም የሚገርሙት በኢንዶኔዥያ ቡሩና ሴራም ደሴቶች ያሉት ናቸው። ቡናማ ናቸው፣ ምንም አያምሩም። እዚያው ፍራያርበርድ የሚባል፣ ተለቅ ያለ፣ ጫጫታ የሚወድና ጠበኛ ወፍ አለ። ኦሪዮሎቹ ቁርጥ እሱን ይመስላሉ። መመሳሰሉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ ነው። ማብራሪያው ቀላል ነው፦ ጉልበተኛውን የሚመስለውን ማንም ደፍሮ አይነካውም።

ከዚህ ቤተሰብ መርዘኛም ወጥቷል። በኒው ጊኒ የሚኖረው ፒቶሁዊ ኦሪዮል ተብሎ ባይጠራም የዚሁ የአሮጌው ዓለም ቤተሰብ አባል ነው። ጥቁርና ብርቱካናማ መልክ አለው፤ ቆዳውና ላባው ውስጥ ደግሞ መርዝ አለ። ሳይንቲስቶች ይህን ለዓለም ያሳወቁት በ1992 ነው። መርዙን ወፉ ራሱ አይሠራውም፤ ከሚበላቸው ጥንዚዛዎች ያገኘዋል።

ወደ አሜሪካው ወገን እንመለስ። በጣም የታወቀው ባልቲሞር ኦሪዮል ነው። ብርቱካናማና ጥቁር ነው፣ የሜሪላንድ ግዛት መለያ ወፍ ነው፣ የቤዝቦል ቡድንም በስሙ ይጠራል። እኔን የሚማርከኝ ግን የጎጆው ሥራ ነው። ሥራው የሴቷ ነው ማለት ይቻላል። ከቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ረጅም የእፅዋት ጭረት ታንጠለጥላለች። ከዚያ በምንቃሯ እየወጋች፣ እየሳበች፣ መልሳ እያስገባች ትቀጥላለች። ለሚያይ ሰው ዝም ብላ የምትነካካ ይመስላል። ግን በዚያ መሃል ጭረቱ ይቋጠራል፤ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ይደራረባል። አንድ ሳምንት ገደማ ስትሠራ ጥልቅ ከረጢት ተንጠልጥሎ ይገኛል። ውስጡን በለስላሳ ነገር ታነጥፈዋለች። ነፋስ ሲመጣ ከረጢቱ ከነጫጩቶቹ ይወዛወዛል፣ አይወድቅም።

የአሮጌው ዓለም ኦሪዮልም ጎጆውን ያንጠለጥላል፤ እሱ ግን በቅርንጫፍ ባላ መሃል ነው የሚሠራው፣ ጥልቀቱም ያንን ያህል አይደለም።

ሁለቱም ወገኖች አባጨጓሬ፣ ሌሎች ነፍሳትና ፍራፍሬ ይበላሉ። ባልቲሞር ኦሪዮል በፍራፍሬ ላይ ብልሃት አለው። የተዘጋ ምንቃሩን ይሰካና ውስጥ ገብቶ ይከፍተዋል። ፍሬው ሲቀደድ የወጣውን ጭማቂ በምላሱ ይጠጣል። ጠቆር ያለ ፍሬ ይመርጣል፤ ቢጫ ቼሪ ቢበስልም ዞር ብሎ አያየውም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ብርቱካን ለሁለት ቆርጠው ደጅ የሚሰቅሉለት ግን ጭማቂ ስለሚጠጣ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ጀርባው ጥቁር የሆነ ዘመዱ መርዘኛ የሆነችውን ሞናርክ ቢራቢሮ ይበላል። መርዙ የሚበዛበትን የውጭ ሽፋን ትቶ የሆዷን ብቻ አውጥቶ ነው የሚጎርሰው።

ኦሪዮልን በዓይን ማግኘት ግን ፈተና ነው። ያን ያህል ቢጫ ወፍ እንዴት ይጠፋል ትሉ ይሆናል። ይጠፋል። ፀሐይ የመታው ቅጠል ራሱ ቢጫ ስለሚመስል፣ ጥቁሩ ደግሞ ከጥላው ጋር ስለሚዋሃድ ዛፍ አናት ላይ ከገባ በኋላ ፍለጋው ያደክማል። ስለዚህ ቀድሞ ጆሮን መጠቀም ነው። የአውሮፓው ወርቃማ ኦሪዮል ዜማ እንደ ዋሽንት የጠራና አጭር ነው። ሲቆጣ ግን የድመት ዓይነት ሻካራ ድምፅ ያወጣል፤ አንድ ወፍ ነው ብሎ ለማመን ያስቸግራል። ዜማውን ሰምታችሁ ከዛፉ ሥር ከመቆም ራቅ ብሎ መጠበቁ ይሻላል። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው።

አፍሪካ ውስጥ ከሸማኔ ወፍ ጋር እንዳታምታቱት። ሸማኔ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ አነስ ይላል፣ ምንቃሩ አጭርና ወፍራም ነው። የኦሪዮሉ ረዘም ይላል፤ የጎልማሳው ምንቃር ቀላ ያለ ነው። ራሱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነ ከጥቁር ራስ ኦሪዮሎች አንዱ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኝ ዝርያ አለ። ራሱ ቢጫ ከሆነ ዓይኑን እዩት። ጥቁሩ መስመር ከምንቃሩ ተነስቶ ዓይኑ ጋ ከቆመ፣ ክረምቱን ሸሽቶ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ የመጣው ነው። ዓይኑን አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ ግን የአፍሪካው ወርቃማ ኦሪዮል ነው።