ጂፒኤስ ባህር ውስጥ አይሰራም፣ ታዲያ ወለሉ መንቀሳቀሱን በምን ያውቃሉ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለን ስለ አዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ እያወራን አንዱ ጓደኛችን «ጃፓን ባህር ስር መሬቱ 24 ሜትር ሄደ ይላሉ፣ ማን ጠልቆ ነው በሜትር የለካው?» ብሎ አሳቀን፣ ግን ጥያቄው አሪፍ ነው አቦ።

ደረቅ መሬት ላይ ቀላል ነው፣ ጂፒኤስ ትተክላለህ አለቀ። ውሃ ውስጥ ግን የሳተላይቱ ሲግናል ወደ ታች አይዘልቅም፣ ድምፅ ነው የሚዘልቀው፣ ያውም በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ወለሉ ላይ ድምፅ ሰምቶ የሚመልስ መሳሪያ ያስቀምጣሉ፣ መርከቧ ከላይ «አለህ?» ትላለች እሱ «አለሁ» ይላል፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ካለ ልጅ ጋር እንደመጠራራት በለው። መልሱ የፈጀው ጊዜ ርቀቱን ይነግርሃል፣ መርከቧ ያለችበትን ደሞ ጂፒኤስ ያውቀዋል፣ ሁለቱን ስታገናኝ መሳሪያው ያለበት ቦታ ይወጣል፣ ቆይተህ ደግመህ ስትለካ ደሞ ወለሉ በስንት ሴንቲሜትር እንደተነቃነቀ ታውቃለህ። ራስ ምታቱ የውሃው ሙቀትና ጨው ነው፣ የድምፁን ፍጥነት ስለሚቀያይሩት ሂሳቡ ካልታረመ ልኬቱ ገደል ገባ ማለት ነው።

ያ 24 ሜትር እንግዲህ በፈረንጆቹ 2011 ከጃፓኑ የቶሆኩ መንቀጥቀጥ በኋላ የተለካ ነው፣ የብስ ላይ ያለው ጂፒኤስ ግን ያሳየው 5 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። መንቀጥቀጡ የሚነሳበት የመሬት ስንጥቅ ያለው ከባህር ዳርቻው ርቆ ስለሆነ ከየብስ ሆነህ የትኛው ቦታ ተጣብቆ ጉልበት እያጠራቀመ እንደሆነ፣ የትኛው ቀስ እያለ እየተንሸራተተ እንደሆነ በደንብ አይለይም።