ለገሃር፦ የባቡሩ ሰፈርና የአደባባይ ሐውልቶቹ

ለገሃር አዲስ አበባ መሀል፣ ከቸርችል ጎዳና በስተታች የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። «ላ ጋር» ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ የኛ ሰው አፉ እንደተመቸው ለገሃር አለውና በዚያው ጸና። እዚህ የምናየው በአካባቢው የቆሙትን ሐውልቶች ማን ለምን እንዳሠራቸው ነው። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ ገባ። አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1909 ነው። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ተመረቀ። ከተማዋን ከባሕር ጋር ያገናኘው ይህ መስመር ነው። ማሽኑም ጨርቁም በዚህ ገባ፤ ቡናውም ቆዳውም በዚህ ወጣ።

ከጣቢያው ፊት ያለው ሞዓ አንበሳ የሰፈሩ ዋና ሐውልት ነው። የቀረጸው ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ሲሆን የቆመው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ፣ በ1923 ነው። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣ። አንበሳው ተነቅሎ ወደ ሮም ተጫነ፤ እዚያም በዶጋሊ ለሞቱ የጣሊያን ወታደሮች ከተሠራው ሐውልት ሥር አኖሩት። ቦታው ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። ምርኮኛው አንበሳ ከባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ሌላ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አረፈ ማለት ነው።

የኤርትራ ተወላጁ ዘርዓይ ደረስ ታሪክ የተፈጸመው እዚያ ነው። አንበሳውን ሲያይ ተንበረከከ። ሊያስነሡት ሲሞክሩ ሰይፉን መዝዞ ጣሊያኖቹ ላይ ወረደባቸው። ዓመቱን 1929 የሚሉ አሉ፤ ሰኔ 1930 የሚለው ያመዝናል። ብዙዎቻችን ያደግነው እዚያው በጥይት ወደቀ የሚለውን እየሰማን ነው። ሰነዶች የሚሉት ሌላ ነው። ተይዞ ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ፤ እዚያም በ1937 ሞተ። ጀግንነቱ በዚህ አይቀንስም።

አንበሳው ወደ አገሩ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ደርግ የዘውድ ምልክት ነው ብሎ ሊያነሣው አስቦ ነበር። አርበኞች ግን የዘርዓይ መታሰቢያ ነው ብለው ተከራከሩና ቀረ። ደግ አደረጉ።

ሽቅብ ሲሄዱ፣ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ አለ። የተሠራው በ1948 ለንጉሡ የዘመነ መንግሥት 25ኛ ዓመት በዓል ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ በ1977 የተመረቀው ትግላችን ሐውልት ይገኛል፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ራሱን የወዝአደሩ መንግሥት ይል የነበረው ደርግ እንኳ እዚህ ያቆመው የወታደር መታሰቢያ ነው። ፉርጎ ጫኙን፣ ሐዲድ ጠጋኙን፣ ከሰል ወደ እሳት ሲወረውር የኖረውን ሰው ያሰበው የለም። ባቡሩ ደሞዝ እየከፈለ ስንቱን ቤተሰብ አሳድጓል፤ በነሐስ የተቀረጸው ግን አንበሳው ነው።

ትልልቁ ሥራ ሁሉ ለውጭ ሰው ተሰጠ ማለትም አይደለም። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የሠራው አፈወርቅ ተክሌ ነው። የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ከ1950 ጀምሮ ቀራጮችን ሲያስተምር ኖሯል።

በፒያሳ በኩል ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። በ2005 የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡር ግንባታ ተነሣ፤ በ2008 ተመለሰ። ለገሃር ላይ ባቡሩ ሐውልት አመጣ፣ እዚያ ግን አስነሣ።

በ2009 የተመረቀው የጅቡቲው አዲስ ባቡር የሚነሣው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። በ2011 ደግሞ በለገሃር 36 ሄክታር ላይ ትልቅ የመልሶ ማልማት ሥራ ይፋ ሆነ፤ አሮጌው ጣቢያ በቅርስነት እንዲቆይ ታስቧል። በዚህ ሁሉ ሕንፃ መሀል ለባቡር ሠራተኛው አንድ ነገር ቢሠራለት አይከፋም። ምን ይሠራ ለሚል፣ ድሬዳዋ በሚገኘው ወርክሾፕ አሮጌ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች አሉ። አንዱን አምጥቶ ከአንበሳው ጎን ማቆም ለመነሻ ይበቃል። ችግሩ ማጓጓዙ ላይ ነው። በራሱ ሐዲድ እንዳይመጣ አሮጌው መስመር ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ በመኪና ተጭኖ መምጣቱ ነው።