ሱዙኪ ጂምኒ እና ትልቅ ጎማ

ሱዙኪ ጂምኒ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሚመረት፣ ከቦዲው የተለየ ሻንሲ፣ ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን በአንድ ግትር ዘንግ የሚያገናኝ) እና ዝቅተኛ የፎርዊል ማርሽ ያለው ትንሽ መኪና ነው። ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር በጭቃና በድንጋይ መንገድ የሚስተካከለው መኪና ማግኘት ይከብዳል። የመጀመሪያው ሞዴል 359 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ሞተርና ቀጭን ባለ 16 ኢንች ጎማ ነበረው። ሁለተኛው ትውልድ፣ በብዙ አገር ሳሙራይ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 መጣ። ሦስተኛው በ1998 በባሌስትራ ፈንታ ሞላ ይዞ መጣ። ከዚህ በታች ያለው ስሌት በተለይ የ2018ቱን አራተኛ ትውልድ፣ ጄቢ74ን ከነማንዋል ካምብዮው ይመለከታል፤ 1.5 ሊትር ሞተር፣ 130 ኒውተን ሜትር ጉልበት፣ 195/80 አር15 ጎማ (195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 80 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው ልክ በኢንች)።

ከፍታ የሚገኘው ከየት ነው

ወጥ አክስል ባለው መኪና ላይ ረጅም ሞላ መግጠም ቦዲውንና ሻንሲውን ያነሳል እንጂ ዲፈረንሻሉን አያነሳም። ዲፈረንሻሉ ከአክስሉ ጋር ነውና ድንጋይ የሚመታው እሱ ከፍ የሚለው በጎማ ብቻ ነው፤ ያውም በልኮቹ ልዩነት ግማሽ። የፋብሪካው 195/80 አር15 ቁመቱ ወደ 693 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። 215/75 አር15 ወደ 704 ነው፤ በ1.5 በመቶ ይበልጣል። 235/75 አር15 ወደ 734 ይደርሳል፤ በ5.8 በመቶ ይበልጣልና ዲፈረንሻሉን 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ያነሳዋል። ጠቅላላ ቁመቱ 31 ኢንች የሆነው ጎማ 787 ገደማ ሲሆን ብልጫው 13.6 በመቶ ነው።

በሦስተኛው ትውልድ ጄቢ43 ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። የፋብሪካ ጎማው 205/70 አር15 ቁመቱ 668 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ያው 235/75 በ9.8 በመቶ ይበልጠዋል።

ጉልበትና ማርሽ

ጎማው በትልቀቱ መጠን መሬት ላይ የሚደርሰው ግፊት ይቀንሳል። የጄቢ74 የዲፈረንሻል ሬሾ (ጎማው አንዴ ሲዞር ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) 4.090 ነው፤ 235/75 ሲገጠም 3.87 እንደሆነ ያህል ይሠራል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአምስተኛ ማርሽ ከ3,100 በላይ የነበረው የሞተር ዙር በ170 ገደማ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ይህ ዕረፍት ይመስላል፤ ዳገት ላይ ግን አራተኛ ይወጣ የነበረው መኪና ሦስተኛ ይጠይቃል። በፎር ሎው (በዝቅተኛው የፎርዊል ማርሽ) አንደኛ ማርሽ አጠቃላይ ሬሾው 36.2 ነው። በ235/75 ወደ 34.2፣ በ31 ኢንች ወደ 31.9 ይወርዳል፤ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ድንጋይ ላይም ሾፌሩ ፍሪሲዮን ማቃጠል ይጀምራል።

የአዲስ አበባና የደጋው አሽከርካሪ ይህን በእጥፍ ይከፍላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ወደ 1 በመቶ ጉልበት ያጣል። በ2,350 ሜትር ላይ 130 የነበረው ወደ 100 ኒውተን ሜትር ይጠጋል፤ የጎማው ቅናሽ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ያም ሆኖ የዚህ ዘር መኪና ከፍታን አይፈራም፦ እ.ኤ.አ. በ2007 ቺሊ ውስጥ ኦኾስ ዴል ሳላዶ ተራራ ላይ 6,688 ሜትር ወጥቶ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው የተሻሻለ ሳሙራይ ነበር።

ክብደቱም ችላ አይባልም። ጥርሰ ትልልቅ 235/75 እያንዳንዱ ከፋብሪካው ጎማ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ ከጎማው ዳር ያለ አንድ ኪሎ ደግሞ መኪናው ሲነሳና ሲቆም እንደ ሁለት ኪሎ ይሰማል። የፍሬን ርቀት የሚረዝመውም በዚሁ ነው።

ትክክለኛው መድኃኒት ዲፈረንሻሉን መቀየር ነው። ለ235/75 የሚያስፈልገው ሬሾ 4.33 ሲሆን የአውቶማቲኩ ጄቢ74 ዲፈረንሻል 4.300 መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው። ለ31 ኢንች 4.65 ገደማ ያስፈልጋል። የዲፈረንሻሉ ጥርሶች፣ ኮሮናና ፒኞኑ፣ ከፊትም ከኋላም በአንድነት መቀየር አለበት፤ ጂምኒ የመሃል ዲፈረንሻል ስለሌለው የፊትና የኋላ ሬሾ ከተለያየ ፎርዊል እንደገባ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያደርሰው ማከፋፈያ ይታነቃል። ጥርሱ ያለቀና አዲስ ጎማ ከፊትና ከኋላ አቀላቅሎ በደረቅ አስፋልት በፎርዊል መንዳትም ያንኑ ጉዳት በቀስታ ያመጣል።

ኮንታ ኪሎ ሜትርና ነዳጅ

የፋብሪካ ኮንታ ኪሎ ሜትር ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ስለሚገደድ ጥቂት አብልጦ ያሳያል። 215/75 ወደ እውነቱ ያቀርበዋል፤ 235/75 ግን አሳንሶ እንዲያሳይ ሊያደርገው ይችላል። ነዳጅ በላ የሚባለውም በከፊል የቆጠራ ስህተት ነው፤ የተነዳውን ኪሎ ሜትር በ1.058 አባዝቶ ማስላት ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጭማሪ የክብደቱና የጥርሱ ነው።

አገጣጠም

215/75 ያለ ምንም ማንሻ (ቦዲውን ከፍ የሚያደርግ ረጅም ሞላ) ይገባል፤ በፋብሪካው 5.5 ኢንች ቸርኬም ይስማማል። 235/75 ቢያንስ ባለ 6 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል። በጄቢ74 ላይ ብዙውን ጊዜ ያለ ማንሻ ቢገባም መሪው ሙሉ ሲጠመዘዝ የአክስሉን ክንድና የፓራውልቱን የታች ጥግ ሊነካ ይችላል። ጄቢ43 ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ማንሻና ፓራውልት መቁረጥ ይጠይቃል። ንክኪውን ለማየት የጎማውን ትከሻ ጠመኔ መቀባት፣ አንዱን የፊት እግር ከፍ ያለ ነገር ላይ ማውጣትና መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር በቂ ነው፤ ጠመኔው የለቀቀበት ቦታ ይናገራል። ማንሻ ከተገጠመ የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ አክስሉ ሙሉ ሲወርድ እንዳይወጠር መታየት አለበት፤ የፊት አክስሉ ዘንበል ማለቱም ካልተስተካከለ መሪው ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ንፋስ በሩ ላይ ከተለጠፈው 26 ፒኤስአይ ተጀምሮ በጠመኔ ይስተካከላል፦ ጥርሱ ላይ ተሻግሮ ይሰመራል፣ ቀጥ ባለ አስፋልት ትንሽ ይነዳል፤ መሃሉ ቀድሞ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል። ለድንጋይ 18፣ ለአሸዋ 15 ይወርዳል። ከ12 በታች ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል።

ሰፊ ወይስ ቀጭን የሚለው ክርክር እንደ አፈሩ ነው። ለአሸዋ ሰፊው ይሻላል። በክረምት ዋልካ ላይ ግን ቀጭንና ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለው ጎማ ያሸንፋል፤ ጭቃውን ሰንጥቆ ከታች ያለውን ጠንካራ አፈር ይይዛል፣ ራሱንም ያጸዳል። ሰፊው በጭቃው ላይ ይንሳፈፍና ጥርሱ ተደፍኖ ሊጥ የተለቀለቀ ይመስላል።

የሚበላሸው

የጂምኒ ደካማ ጎን የፊት እግር ኪንግፒን ኩሺኔታ (መሪው ሲጠመዘዝ የፊት እግሩ የሚዞርበት) ነው። ትልቅ ጎማ ሲጭነው ቶሎ ይላላል፤ ምልክቱ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው በኃይል መንቀጥቀጡ ነው። ብዙ ጎሚስታ ባላንስ ብቻ ሠርቶ ይመልሳል። ከባላንሱ በፊት እግሩን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ማነቃነቅ ይገባል። ላላ ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፦ መላላቱ ከጠፋ ችግሩ የእግር ኩሺኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው፤ ካልጠፋ ኪንግፒኑ ነው። ቀጥሎ ቴስቲናዎቹ (የመሪ ዘንግ ጫፎች) እና አክስሉን በአግድም የያዘው ዘንግ ጎሚኒዎች ይታያሉ።

በ31 ኢንች የሳሙራይ የፊት አክስል መገጣጠሚያዎች መሪው ሙሉ ተጠምዝዞ በፎር ሎው ሲረገጥ ይሰበራሉ። ስኮርታውም ከአራቱ ጋር እኩል ልክ መሆን ስላለበት የኋላ በሩ ላይ ክብደት ይጨምራል፤ የበሩ ማጠፊያ ቡሎኖች በየጊዜው ካልጠበቁ በሩ ወርዶ መዝጊያው አይገጥምም።